በዋይፋይ ይሠራል፣ በሞባይል ዳታ አይገናኝም፦ ቀጥታ ግንኙነት እምቢ ሲል ምን እናድርግ?

የአራት ኪሎ ልጅ — ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እስቲ አብረን እንየው።

አክስቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ላለ የዘመድ ልጅ ፊደል ታስተምራለች። እዚህ ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ሲሆን እዚያ ረፋድ ነው። ለእነሱ ብዬ በዌብአርቲሲ (ብሮውዘሮች ድምፅና ምስል በሚለዋወጡበት ቴክኖሎጂ) ትንሽ የቪዲዮ ጥሪ ሠራሁ። በብሮውዘር ይከፈታል፣ ምንም መጫን አያስፈልግም። ሰሌዳም አለው። እሷ «ሀ» ብላ በጣቷ ስትጽፍ ለልጁ ስክሪኑ ላይ ይታየዋል።

ችግሩ ይሄ ነው። አክስቴ እኔ ቤት መጥታ በዋይፋይ ስትደውል ወዲያው ይገናኛል። ድምፁም ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ቤቷ ሆና በሞባይል ዳታ ስትደውል ግን «በመገናኘት ላይ» የሚለው ክብ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ዝም። ባለፈው ቅዳሜ አጠገቧ ነበርኩ። ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ጠመኔ እንደምትይዝ ጣቷን አዘጋጅታ ሃያ ደቂቃ ጠበቀች። መጨረሻ ላይ «ልጁ ሌላ ጉዳይ ይዞት ይሆናል» ብላ ዘጋችው። ልጁ ግን እዚያ ማዶ ተቀምጦ እሷን እየጠበቀ ነበር።

ኔትወርኩ ደካማ አይደለም። በዚያው ስልክ ቪዲዮ ታይበታለች። ስተን ሰርቨር (ስልኩ ከውጭ በምን አድራሻ እንደሚታይ የሚነግረውን) አስገብቻለሁ። ሎጉ ላይ የአይስ (የመገናኛ መንገዶችን የሚፈትሸው ክፍል) ሁኔታ «ቼኪንግ» ይልና ትንሽ ቆይቶ «ፌይልድ» (አልተሳካም) ይሆናል። ምን ላድርግ?

ሄለን ኮድ — ሰኞ ማታ 3፡05

ብሮውዘሩ የዌብአርቲሲን ውስጣዊ ሎግ የሚያሳይበት ገጽ አለው፤ እሱን ክፈት። ከካንዲዴቶቹ (ስልኩ ሊገኝባቸው ከሚችሉት አድራሻዎች) ውስጥ ሆስት (የስልኩ የራሱ)፣ ሰርቨር ሪፍሌክሲቭ (ስተን ከውጭ ያየው)፣ ሪሌይ (በመሃል አስተላላፊ ሰርቨር በኩል ያለው) የሚሉትን ለየብቻ ቁጠርልን። የስልኩ ሆስት አድራሻ በምን ቁጥር እንደሚጀምርም ንገረን። ሙሉውን አትለጥፍ።

የአራት ኪሎ ልጅ — ሰኞ ማታ 3፡31

አየሁት። በአክስቴ ስልክ በኩል አንድ ሆስት አለ፣ በ100.83 ይጀምራል። ሰርቨር ሪፍሌክሲቭ አንድ። ሪሌይ የሚል አንድም መስመር የለም። የተሞከሩት ጥንዶች በሙሉ ፌይልድ ናቸው።

ጋሽ ሽቦ — ሰኞ ማታ 4፡20

ልጄ፣ መልሱ እጅህ ላይ ነው።

በ100.83 የሚጀምረው አድራሻ የሕዝብ ኢንተርኔት አድራሻ አይደለም። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለኔትወርክ አቅራቢዎች የውስጥ ሥራ ተብሎ የተለየ ነው። ስለዚህ የአክስትህ ስልክ ወደ ውጭ የሚወጣው በአቅራቢው ትልቅ ኤንኤቲ (የውስጥ አድራሻን ወደ ሕዝብ አድራሻ በሚቀይር መሣሪያ) በኩል ነው ማለት ነው። ብዙ ደንበኞች አንድ የሕዝብ አድራሻ ይጋራሉ። በዚህ አቅራቢውን አትውቀሰው። የአይፒ ስሪት 4 አድራሻ ጠቅላላ ድምሩ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፣ ለዓለም አይበቃም። ኤንኤቲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጻፍ ለአጭር ጊዜ መፍትሔ ተብሎ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አብሮን አለ።

አሁን ለምን እንደማይገናኝ በኮንዶሚኒየም ጥበቃ ልንገርህ። ግቢው ብዙ በር አለው፣ ጥበቃው አንድ ነው። ከ12 ቁጥር ቤት መልእክት ስትልክ ጥበቃው መዝገቡ ላይ «12 ቁጥር፣ በ4ኛው በር ወጣ» ብሎ ይጽፋል። መልስ ይዞ በ4ኛው በር የመጣውን ወደ 12 ቁጥር ያስገባዋል። ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ግን ከበር ይመለሳል። ሁለት ሰዎች በሁለት ግቢ ውስጥ ሲኖሩ አንዱ ለሌላው እንግዳ ነው። ማን ይጀምር? ሆል ፓንቺንግ የሚባለው ዘዴ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ እንዲልኩ ያደርጋል። ሁለቱም መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ሁለቱም በር ይከፈታል።

የስተን ሰርቨር ሥራ አንዲት ነገር ናት። ውጭ መንገድ ላይ ቆሞ «በየትኛው በር ወጣሁ?» ስትለው «በ4ኛው» ይልሃል። አንተም ለወዳጅህ «በ4ኛው በር ና» ትለዋለህ። ጥበቃው ለማንም ብትልክ ያንኑ በር የሚሰጥህ ከሆነ ይሄ ይሠራል። ሌላ ዓይነት ጥበቃ ግን አለ። ለስተን ስትልክ 4ኛውን፣ ለወዳጅህ ስትልክ 9ኛውን፣ ለሦስተኛ ሰው 17ኛውን ይከፍታል። ሲሜትሪክ ኤንኤቲ የሚሉት እሱን ነው። ወዳጅህ 4ኛው በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል፤ ለእሱ የተከፈተለት 9ኛው ነው።

«የልጁ ቤት ግን ተራ ራውተር ነው፣ አንዱ ወገን እንኳ ቢላላ አይበቃም?» ትለኝ ይሆናል። እንደ ራውተሩ ነው። ብዙ የቤት ራውተር የሚያስገባው ከጠራኸው አድራሻ ብቻ ሳይሆን ከጠራኸው ፖርት (በምሳሌያችን በሩ) ጭምር የመጣውን ነው። የአክስትህ ፓኬት ከ9ኛው በር ሲደርሰው «የተጠራው የ4ኛው በር ሰው ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ አንዱ ሲሜትሪክ፣ ሌላው ፖርት አጥባቂ ከሆነ ቀጥታው መንገድ አይሆንም። አንተ ቤት ሲሆኑ የሚሠራው በሁለቱም ጫፍ በር የማይቀያይር ራውተር ስላለ ነው።

ሲሜትሪክ መሆኑን ግን ከእኔ አትቀበል፣ ራስህ ለካው። ሁለት የተለያዩ ስተን ሰርቨሮች አስገባና በአክስትህ ስልክ የሚመጡትን ሰርቨር ሪፍሌክሲቭ ካንዲዴቶች ፖርት አወዳድር።

የአራት ኪሎ ልጅ — ማክሰኞ ጠዋት 1፡50

ጋሽ ሽቦ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት ሁለት ስተን አስገባሁ። እኔ ቤት በዋይፋይ አንድ ሰርቨር ሪፍሌክሲቭ ብቻ መጣ፤ ሁለቱም ሰርቨሮች ያዩት ፖርት አንድ ስለሆነ ብሮውዘሩ ደጋግሞ አላሳየውም። በአክስቴ ስልክ ግን ሁለት መስመር መጣ። አንዱ ላይ ፖርቱ 41872፣ ሌላው ላይ 41990። አድራሻው አንድ ነው፣ በሩ ግን ሁለት።

ሦስት ሳምንት ኮዴን ስጠረጥር ነው የከረምኩት።

ቀስተ ደመና — ማክሰኞ ጠዋት 3፡15

ፖርቱን መገመት ይቻላል እኮ። አንደኛው ወገን 256 ፖርት ይከፍታል፣ ሌላኛው በዘፈቀደ እያንኳኳ ይሞክራል። ወደ 1,024 ሙከራ ሲደርስ የመገጣጠም ዕድሉ 98 በመቶ አካባቢ ነው። የልደት ቀን ስሌት የሚሉት ነው። ሪሌይ ሰርቨር ከመከራየት ይሻላል።

ጋሽ ሽቦ — ማክሰኞ ቀን 6፡10

ስሌቱ ትክክል ነው። ያ ቁጥር የሚሠራው ግን አንደኛው ወገን ብቻ አስቸጋሪ ሲሆን ነው። ሁለቱም በሞባይል ዳታ ሲሆኑ ማን በየትኛው በር እንደወጣ ሁለቱም አያውቁም፣ መገመቱ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ደግሞ የአራት ኪሎ ልጅ ጥሪ ብሮውዘር ውስጥ ነው። ብሮውዘር እንዲህ ያለ የፖርት ጨዋታ እንድትጫወት አይፈቅድልህም። የራስህን ፕሮግራም ከባዶ የምትጽፍ ከሆነ ግን ጥሩ ዘዴ ነው፣ አልንቀውም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ብራያን ፎርድ፣ ፒዳ ስሪሱሬሽና ዳን ኬግል ብዙ የኤንኤቲ መሣሪያዎችን ፈትነው ነበር። ከተፈተኑት 82 በመቶ ያህሉ በዩዲፒ (የጠፋ ፓኬት ሳይጠብቅ በሚልከው መንገድ)፣ 64 በመቶ ያህሉ በቲሲፒ (የጠፋውን ደግሞ በሚልከው) ሆል ፓንቺንግ አሳልፈዋል። ለዘመኑ ጥሩ ውጤት ነው። ከዚያ ውስጥ እኔ ሁልጊዜ የማየው የቀረውን 18 በመቶ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው ነው። አክስትህ ዛሬ ካልሆነላቸው ነገም አይሆንላቸውም፤ ዕጣ አይደለም፣ ኔትወርካቸው ነው። ስለዚህ ቀጥታው መንገድ እምቢ ማለቱን እንደ ድንገተኛ አደጋ አትየው። ገና ከመጀመሪያው ሁለተኛ መንገድ አብረህ አንጥፍ። ተርን ሰርቨር፣ ማለትም ጥሪውን በመሃል ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሪሌይ፣ ትከል።

ሄለን ኮድ — ማክሰኞ ቀን 7፡02

ጋሽ ሽቦ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «መጀመሪያ ቀጥታውን እሞክራለሁ፣ ካልሆነ ተርን እጠራለሁ» ብሎ ኮድ ይጽፋል። ተጠቃሚው የመጀመሪያው እስኪወድቅ በከንቱ ይጠብቃል። አይስ ይህን ራሱ ይሠራልሃል። ስተንንም ተርንንም በአንድ ላይ ስጠው፣ ካንዲዴቶቹን ሁሉ ሰብስቦ ይፈትሻል። ቅድሚያ የሚሰጠው ለቀጥታው ነው፤ በደንቡ ላይ ለሆስት የተመከረው የዓይነት ነጥብ 126፣ ለሰርቨር ሪፍሌክሲቭ 100፣ ለሪሌይ 0 ነው። ሪሌዩን የሚይዘው ሌላው ሲያቅት ነው። «ካልሆነ» የሚለውን አንተ መጻፍ የለብህም።

የአራት ኪሎ ልጅ — ረቡዕ ማታ 4፡45

ኮተርን የሚባለውን የተርን ሰርቨር ፕሮግራም ጫንኩ። ሎጉ ላይ መጀመሪያ «401» የሚል ስህተት ይመጣል። የይለፍ ቃሉን አምስት ጊዜ ቀየርኩት፣ ያው ነው።

ሄለን ኮድ — ረቡዕ ማታ 4፡58

የይለፍ ቃሉን ተወው። የመጀመሪያው 401 ጤነኛ ነው። ደንበኛው ባዶ እጁን ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ «ማንነትህን አሳይ» ይለዋል፣ ከዚያ በማረጋገጫ ደግሞ ይጠይቃል። ሁለተኛውም 401 ከሆነ ያኔ ችግር አለ። ሪሌይ ካንዲዴት መጣ ወይስ አልመጣም? ከመጣስ አድራሻው ምንድን ነው?

የአራት ኪሎ ልጅ — ረቡዕ ማታ 5፡10

መጣ! አድራሻው በ172.31 ይጀምራል።

ሄለን ኮድ — ረቡዕ ማታ 5፡14

እሱ የሰርቨርህ የውስጥ አድራሻ ነው። የክላውድ ሰርቨር ራሱም ከኤንኤቲ ጀርባ ነው የሚቀመጠው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ልጅ 172.31ን ከየት ያገኘዋል? ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ኤክስተርናል አይፒ የሚለውን መስመር ክፈትና የሕዝብ አድራሻውን ጻፍበት።

የአራት ኪሎ ልጅ — ሐሙስ ማታ 3፡20

አሁን ከኔ ዋይፋይ ወደ ልጁ በሪሌይ ብቻ አስገድጄ ሞከርኩ፣ ሠራ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ግን የአክስቴ ስልክና የኔ ስልክ ሁለቱም በሞባይል ዳታ ሲሆኑ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ፖርት 3478ን በፋየርዎሉ ከፍቻለሁ።

ጋሽ ሽቦ — ሐሙስ ማታ 4፡02

3478 የመቀበያው ክፍል ነው። ድምፅና ምስሉ የሚያልፈው በሌሎች ፖርቶች ነው። ኮተርን ሌላ ካልነገርከው ከ49152 እስከ 65535 ባሉት የዩዲፒ ፖርቶች ይጠቀማል። እነዚያን ከፍተሃል?

«ታዲያ ተዘግተው ለምን አንዳንዴ ሠራ?» ብለህ ብትጠይቅ ልክ ነህ። ሪሌዩ ራሱ መጀመሪያ ወደ ልጁ አድራሻ ሲልክ የክላውዱ ፋየርዎል «ይሄ መልስ ይመለስለታል» ብሎ ያንን አድራሻና ፖርት ያስታውሳል። የልጁ ራውተር በዚያው ፖርት ስለሚመልስ ያልፋል። ሲሜትሪክ ያለበት ስልክ ግን በሌላ ፖርት ነው የሚመጣው። ፋየርዎሉ አያውቀውም፣ ይጥለዋል። ሁለታችሁም ሪሌይ ካንዲዴት ይዛችሁ ሲገጣጠም ብቻ ነው የሚያልፍላችሁ። ይህ ዓይነቱ ስህተት ነው ሰውን የሚያሳብደው፤ የሚሠራ ይመስላል፣ የሚወድቀው ግን ሪሌዩ የተሠራለት ሰው ላይ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ — ሐሙስ ማታ 4፡30

አልከፈትኳቸውም ነበር። አሁን ከፈትኩ፣ አሥር ጊዜ ደወልኩ፣ አሥሩም ተገናኘ።

የልጆች እናት — ዓርብ ጠዋት 2፡15

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፣ ልጆቼም በእንዲህ ያለ ጥሪ ነው አማርኛ የሚማሩት። አንድ ነገር አሳሰበኝ። ጥሪው በመሃል ሰርቨር ካለፈ የሰርቨሩ ባለቤት ልጆቼን ማየት ይችላል?

ሄለን ኮድ — ዓርብ ጠዋት 2፡50

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። በዌብአርቲሲ ድምፅና ምስሉ የሚመሰጠረው ከስልክ እስከ ስልክ ነው። ተርን ሰርቨሩ የታሸገ ፖስታ እንደሚያደርስ ሰው ነው። የላኪንና የተቀባይን አድራሻ፣ መቼና ምን ያህል እንዳለፈ ያያል፤ ውስጡን አይከፍተውም። ሁለቱን ስልኮች የሚያስተዋውቀው ሰርቨር ግን ሌላ ነው። የምስጠራው መለያ በእሱ በኩል ስለሚያልፍ መታመን ያለበት እሱ ነው። አፑን የሠራው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅሽ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ከዴይራ — ዓርብ ቀን 8፡40

እኔ ዱባይ ነው የምሠራው። እዚህም የናንተው ዓይነት ነገር ይገጥመናል። ተርን ሰርቨር ብተክል ይፈታል?

ጋሽ ሽቦ — ዓርብ ማታ 1፡25

ያንተ ሌላ ነው ወንድሜ። በኤምሬትስ ፈቃድ ያላገኘ የኢንተርኔት ድምፅ ጥሪ በሕግ የተከለከለ ነው፣ አቅራቢዎቹም ይዘጉታል። የኤንኤቲ ችግር በሪሌይ ይፈታል፤ የሕግ ክልከላ ግን የሽቦ ጉዳይ አይደለም። እንጀራህ እዚያ ነውና ችግር ውስጥ እንድትገባ አልመክርህም። እዚያ ፈቃድ ባላቸው መተግበሪያዎች ደውል።

ቀስተ ደመና — ዓርብ ማታ 2፡00

እሺ፣ ወጪውስ? ሁሉም ጥሪ በሪሌይ ካለፈ የዳታ ሒሳቡ አይገድልም?

የአራት ኪሎ ልጅ — ዓርብ ማታ 2፡48

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ድምፅ በኦፐስ (በድምፅ መጭመቂያው) በ32 ኪሎቢት ቢሄድ፣ በየ20 ሚሊሰከንዱ የሚላከው የፓኬት ራስጌ ሲጨመርበት 48 ኪሎቢት በሰከንድ ይሆናል። በአንድ ሰዓት በአንድ አቅጣጫ 21.6 ሜጋባይት ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ሰርቨሩ የሚልከው 43 ሜጋባይት ገደማ። ለፊደል ትምህርት ምንም ማለት አይደለም። የሚበላው ቪዲዮው ነው፤ በ500 ኪሎቢት እንኳ ሲሆን በሰዓት በሁለቱም አቅጣጫ 450 ሜጋባይት ይሆናል። ስለዚህ መንገዱ ሪሌይ ከሆነ የምስሉን ጥራት ዝቅ አደረግኩት። ሰሌዳው የራሱ ቀላል መልእክት ስለሆነ አይነካም። ለአክስቴም የዳታ ጥቅሏ ይቆይላታል።

ሄለን ኮድ — ዓርብ ማታ 3፡30

ከመተኛትህ በፊት አንድ ነገር ፈትን። ጥሪው ላይ እያላችሁ የአክስትህን ስልክ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ቀይረው። አድራሻቸው ይለወጣል፣ የድሮው መንገድ ይሞታል። ብሮውዘሮች ሌላኛው ወገን አለ ወይ ብለው በየ5 ሰከንዱ ገደማ ይጠይቃሉ፤ 30 ሰከንድ መልስ ካጡ መላክ ያቆማሉ። ሁኔታው «ዲስኮኔክትድ» ሲል አትደናገጥ፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ። «ፌይልድ» ካለ ግን ራሱ አይነሳም። አይስን እንደገና አስጀምር፣ አዲስ ኦፈር (የግንኙነት ጥያቄ) ላክ። ጥሪውን አትዝጋው፤ ሁለቱ ሰዎች እዚያው ገጽ ላይ ይቆዩ።

እዚህ ላይ እኔን አንድ ቀን ሙሉ ያስለፋኝ ጉድጓድ አለ። የተርን ይለፍ ቃል ጊዜያዊ ከሆነ፣ እንደገና ስታስጀምር የድሮው ጊዜው አልፎበት ሊሆን ይችላል። ተርን አዲስ ቦታ አይሰጥህም፣ ሪሌይ ካንዲዴት አይመጣም፣ ሎጉ ላይ ግን «ኔትወርክ ጠፋ» ይመስላል። ከማስጀመርህ በፊት አዲስ ይለፍ ቃል ከሰርቨርህ አምጣ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ያንን የሚሽከረከር ክብ አንሳው። አክስትህ ሃያ ደቂቃ የጠበቁት ማንም ስላልነገራቸው ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ — ቅዳሜ ጠዋት 4፡10

ልክ ነሽ። ክቡ ወጥቷል። አሁን 15 ሰከንድ ካለፈ «ልጁ መስመር ላይ ነው፣ መንገዱ ግን አልተከፈተም። እንደገና እየሞከርን ነው» ይላል። ልጁ ካልገባ ደግሞ «ልጁ ገና አልገባም» ይላል። አንድ ላይ መሆን የማይገባቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የልጁ እናት አንዳንድ ቀን ከሥራ ቦታዋ ነው የምታገናኘው። እዚያ ዩዲፒ ጭራሽ አያልፍም።

ጋሽ ሽቦ — ቅዳሜ ቀን 5፡00

እንዲህ ላለ ቦታ ተርንን በቲኤልኤስ (ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት ምስጠራ)፣ በፖርት 443 ክፈተው። ለመሥሪያ ቤቱ ፋየርዎል ከተራ ድረ ገጽ ጋር ይመሳሰላል። ቲሲፒ ስለሆነ ፓኬት ሲጠፋ ድምፁ ትንሽ ይጎተታል፣ ከዝምታ ግን ይሻላል። የታወቀ ሰርቲፊኬት ያስፈልግሃል። ድረ ገጽህ በዚያው አድራሻ 443ን ይዞ ከሆነ ለተርን ሌላ አድራሻ ስጠው። ኮተርን በራሱ ተጠቃሚ ስም ሲነሳ ከ1024 በታች ያለ ፖርት ለመያዝ ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። ሎጉን እይ፤ ፈቃድ ተከለከለ የሚል ካለ ምክንያቱ እሱ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ — እሑድ ጠዋት 3፡35

ትናንት ማታ 12 ሰዓት ላይ አክስቴ ቤቷ ሆና በሞባይል ዳታ ደወለች። እኔ ሆን ብዬ አልሄድኩም። ሎጉን ከቤቴ ሆኜ አየሁት፤ የተመረጠው ጥንድ ሪሌይ ነበር፣ ከመነሻው እስከ መጨረሻው 52 ደቂቃ። አንድ ጊዜ «ዲስኮኔክትድ» አለና ራሱ ተመለሰ።

ጋሽ ሽቦ፣ ሄለን፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። በኋላ ደውዬ «እንዴት ነበር?» አልኳት። ስለ ጥሪው አንድ ቃል አላነሳችም። ልጁ «ሰ» እና «ሠ» ለምን ሁለት እንደሆኑ ጠይቋት በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዴት እንደምታስረዳው ስታስብ ነበር ያገኘኋት።